በጎንደር ግቢዎች መካከል ለመመላለስ፦ ፊክስድ ሳይክል ወይስ ሲንግል ስፒድ?

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆኑ አንዲት እኅት ማራኪ አካባቢ ቤት ተከራይተው ይኖራሉ፤ በየቀኑ ወደ ሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጁ ግቢ፣ አልፎ አልፎም ወደ ፒያሳ ይመላለሳሉ። የባጃጅ ወጪ ስለከበዳቸው ያገለገለ ሳይክል ሊገዙ አስበው ሁለት ቀርቦላቸዋል። አንደኛው ፊክስድ፣ ማለትም ጎማው እስከዞረ ድረስ ፔዳሉ የማይቆም፣ ሲሆን የፊት ጥርሱ ብዛት 46፣ የኋላው 16፣ ጎማው 23 ሚሊ ሜትር ነው፤ ፍሬን ፈጽሞ የለውም። ሁለተኛው ሲንግል ስፒድ፣ ማለትም አንድ ማርሽ ብቻ ያለውና መርገጥ ሲያቆሙ በራሱ የሚንሸራተት፣ ሲሆን ጥርሱ 44 በ18፣ ጎማው 32 ሚሊ ሜትር ነው፤ የፊትም የኋላም ፍሬን አለው። ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው። ጓደኞቻቸው ግን «ፊክስዱ ይቀልላል፣ አይበላሽም፣ እግርም ያጠነክራል» እያሉ ወደ መጀመሪያው ገፋፍተዋቸዋል። ጠያቂዋ የትኛውን ልግዛ ይላሉ።

መልሴን አስቀድሜ ልናገርና ምክንያቱን ላስከትል። ሲንግል ስፒዱን ይግዙ፤ ከገዙም በኋላ ባለ18 ጥርሱን የኋላ ፍሪዊል (መርገጥ ሲያቆሙ ጎማው ብቻውን እንዲዞር የሚያደርገውን ዕቃ) አስወልቀው ባለ20 ወይም ባለ22 ጥርስ ያስገጥሙ። ፊክስዱን ግን አሁን ባለበት ሁኔታ፣ ማለትም ያለ ፍሬን፣ በነጻ ቢሰጡዎት እንኳ የጎንደር መንገድ ላይ ይዘውት አይውጡ። ይህን የምለው ፊክስድን ስለምንቅ አይደለም። ለተሠራለት ቦታ ከእርሱ የጠራና የሚያምር ሳይክል የለም ብዬ አምናለሁ፤ ነገር ግን የተሠራለት ቦታና እርስዎ የሚኖሩበት ከተማ ፈጽሞ አይመሳሰሉም።

ሁለቱም ሳይክሎች ማርሽ አይቀይሩም፤ ሁለቱም ፊት አንድ፣ ኋላ አንድ ጥርስ ብቻ አላቸው። ልዩነታቸው ያለው በኋላው ጎማ እምብርት፣ መካኒኮች ሞዞ በሚሉት ክፍል ላይ ነው። በፊክስዱ የኋላው ጥርስ ከሞዞው ጋር ጥብቅ ሆኖ ታስሯል፤ ስለዚህ ጎማው እስከዞረ ድረስ ፔዳሉም ይዞራል፣ ፔዳሉ እስከዞረ ድረስም እግርዎ አብሮ ይዞራል። አራዳ ገበያ ዙሪያ በእግር የሚሠሩትን የልብስ ስፌት መኪናዎች ካስተዋሉ ነገሩ ግልጽ ይሆንልዎታል፤ መንኮራኩሩ ካልቆመ መርገጫው አይቆምም፣ መርገጫው ላይ ያለው እግርም አያርፍም። በሲንግል ስፒዱ ግን በጥርሱና በሞዞው መካከል ፍሪዊል አለ። በውስጡ ያሉት በስፕሪንግ የሚነሡ ትናንሽ መንጠቆዎች ወደፊት ሲረግጡ ይይዛሉ፣ መርገጥ ሲያቆሙ ይለቃሉ። ሳይክሉ በራሱ ሲንሸራተት የሚሰማው ጠቅ ጠቅ የሚል ድምፅ የእነርሱ ነው። እግርዎን አሳርፈው ቁልቁለቱን መውረድ የሚያስችልዎ ይህ ትንሽ ዕቃ ነው።

አሁን ወደ ከተማው እንምጣ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ፣ በአንገረብና በቀሃ ወንዞች መካከል በተዘረጋ ወገብ ላይ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ፒያሳና የአብያተ መንግሥቱ ግቢ ከፍታው ላይ ተቀምጠዋል፤ ወደ ፋሲል መዋኛ ቢሄዱ ወደ ቀሃ ይወርዳሉ፣ ወደ ጎሃ ቢያቀኑ ይወጣሉ፣ ወደ አዘዞ የሚወስደው መንገድም በጠቅላላው ሲታይ ወደ ታች ያዘነበለ ነው። በሌላ አነጋገር በከተማዋ ውስጥ ረዘም ያለ ሜዳማ መንገድ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው፤ ጠዋት የወረዱትን ማታ ይወጡታል፣ ጠዋት የወጡትንም ማታ ይወርዱታል። አንድ ማርሽ ብቻ ላለው ሳይክል ይህ ከባድ ፈተና ነው። ለፊክስድ ደግሞ ፈተናው መፍትሔ ወደሌለው ቅራኔ ይለወጣል፤ የጠቅላላው መልሴ መሠረትም ይኸው ስለሆነ በቁጥር አስደግፌ ላስረዳ።

የሳይክል ማርሽ ክብደት የሚለካው ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ሳይክሉ ስንት ሜትር እንደሚሄድ በማስላት ነው። የፊቱን የጥርስ ብዛት ለኋላው አካፍለው በጎማው ዙሪያ ርዝመት፣ ማለትም በግምት በ2.1 ሜትር፣ ያባዙታል። በዚህ ስሌት የቀረበልዎ ፊክስድ በአንድ ዙር 6 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ሲንግል ስፒዱ አሁን ባለበት 5.1 ሜትር ይሄዳል፤ የኋላው ጥርስ ወደ 22 ከተቀየረ ደግሞ 4.2 ሜትር ይሆናል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ዳገቱ ይቀልላል፣ በሜዳው ላይ ግን እግር በርከት ያለ ዙር ይዞራል።

በየመቶ ሜትሩ 6 ሜትር የሚነሣ ዳገት እንውሰድ። ጎንደር ውስጥ ከዚህ የባሰ ብዙ ስላለ ምሳሌው የተጋነነ አይደለም። እርስዎ፣ ሳይክሉና የመጽሐፍ ቦርሳዎ በአንድነት 75 ኪሎ ግራም ብትመዝኑና በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ብትወጡ ሳይክሉን የሚጎትተው የመሬት ስበትና የጎማው መፈጋፈግ ተደምሮ ወደ 5 ኪሎ ግራም ክብደት ይጠጋል። ይህ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ማርሹ ያባዛዋል። በፊክስዱ 6 ሜትር ማርሽ በፔዳሉ ላይ የሚያስፈልገው ግፊት በአማካይ 28 ኪሎ ግራም ያህል ሲሆን፣ እግርዎም በደቂቃ 28 ጊዜ ብቻ እየዞረ ይጎተታል። በ4.2 ሜትሩ ማርሽ ግን ግፊቱ ወደ 20 ኪሎ ግራም ይወርዳል፣ ዙሩም ወደ 40 ከፍ ይላል። አማካይ ማለቴን ልብ ይበሉ፤ እግር በትክክል የሚገፋው ወደ ታች ሲወርድ ብቻ ስለሆነ ከፍተኛው ግፊት ከአማካዩ በብዙ ይበልጣል። በየቀኑ በደቂቃ 28 ዙር እየጎተቱ የሚወጡት ዳገት መጀመሪያ የሚጎዳው ጉልበትን ነው። በዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው በሩብ ገደማ ያነሰ መሆኑንም ማሰብ ያስፈልጋል፤ በተለይ ከመተማ ወይም ከሌላ ቆላ አካባቢ ለትምህርት የመጣ ሰው የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ላይ ትንፋሹ ቶሎ ቢያጥረው ሊያስደንቀው አይገባም።

እስካሁን ያየነው ፊክስዱም ቀለል ያለ ማርሽ ቢገጠምለት እንደሚስተካከል ሊያስመስል ይችላል። ዳገቱን በተመለከተ እውነት ነው። ቁልቁለቱ ላይ ግን ቅራኔው ይገለጣል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር መውረድ በጎንደር ቁልቁለት ላይ ሳያስቡት የሚደረስበት ፍጥነት ነው። በዚህ ፍጥነት ባለ6 ሜትር ማርሹ ፊክስድ እግርዎን በደቂቃ 111 ጊዜ ያዞረዋል፤ ለዳገት ብለው ወደ 4.2 ሜትር ካቀለሉት ደግሞ 159 ጊዜ። በተራ ጉዞ ላይ አብዛኛው ሰው ተመችቶት የሚረግጠው በደቂቃ ከ60 እስከ 90 ባለው ውስጥ ነው። ከ150 በላይ ለሆነ ዙር የሠለጠነ የትራክ ተወዳዳሪ እግር ያስፈልጋል፤ ያልሠለጠነ ሰው ኮርቻው ላይ እየዘለለ፣ መሪው እየተንቀጠቀጠበት፣ እግሩም ከፔዳሉ ሊያመልጥ ይደርሳል። እግር ካመለጠ በኋላ ፔዳሉ መዞሩን ስለማያቆም መልሶ መርገጥ ያስቸግራል፤ ቅልጥምንም ይመታል። እንግዲህ ለዳገቱ ሲያቀሉት ቁልቁለቱ ይከፋል፣ ለቁልቁለቱ ሲያከብዱት ዳገቱ አይወጣም። ሲንግል ስፒድ ይህ ቅራኔ የለበትም፤ ማርሹን ለዳገቱ ብቻ መርጠው ቁልቁለቱን እግር አሳርፎ በፍሬን መቆጣጠር ይቻላል። ለዚህ ነው 22 ጥርስ ያለውን ፍሪዊል ያለ ፍርሃት የምመክረው። የሚያጡት ነገር ቢኖር ሜዳ ላይ ፈጥኖ መሄድን ነው፤ በደቂቃ 80 ዙር እየረገጡ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳሉ፤ ለግቢ ምልልስ ይህ ከበቂ በላይ ነው።

ባሕር ዳር ቢኖሩ ኖሮ ምክሬ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር። በዚያ ሜዳማ ከተማ ሳይክል የዘወትር መጓጓዣ ሆኖ የኖረው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ፍሬን የተገጠመለት ፊክስድም ለለመደው ሰው በዚያ ያገለግላል።

ስለ ፍሬን ጠንከር ብዬ መናገር አለብኝ። ያለ ፍሬን ፊክስድ የሚነዱ ሰዎች ሳይክሉን የሚያቆሙት ፔዳሉን ወደ ኋላ በመግፋት ወይም ሰውነታቸውን ወደ ፊት አዘንብለው የኋላውን ጎማ በማስቆለፍና በማንሸራተት ነው። ይህ ዘዴ በኋላው ጎማ ብቻ የሚሠራ ነው። አንድ ሳይክል ፍጥነቱን ሲቀንስ ክብደቱ ወደ ፊት ይሸጋገራል፤ የኋላው ጎማ እየቀለለ፣ መሬቱን የሚነክስበት ጉልበትም እያነሰ ይሄዳል፤ የፊተኛው በአንጻሩ ይከብዳል። ስለዚህ እውነተኛው የማቆም ኃይል ያለው ፊት ነው። ደረቅ አስፋልት ላይ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው የፊቱን ፍሬን በአግባቡ ተጠቅሞ በ4 ሜትር ገደማ ሊቆም ሲችል፣ በኋላ ጎማ ብቻ የሚያቆመው ወደ 10 ሜትር ይፈልጋል። መንገዱ ቀደም ብዬ ያልኩት ዓይነት ቁልቁለት ሲሆን የመጀመሪያው ከ5 ሜትር በታች ይቆያል፤ ሁለተኛው ግን ወደ 13 ሜትር ይዘልቃል። አደጋውን አይቶ እስኪወስን ድረስ የሚሄደው ርቀት በሁለቱም ላይ ይጨመራል። ፊት ለፊትዎ ባጃጅ ተሳፋሪ ለማንሣት ድንገት ቢቆም፣ ከግቢው በር ተማሪዎች በአንድ ጊዜ ቢወጡ፣ ወይም ሕፃን ኳስ ተከትሎ ቢሮጥ፣ ያ የ8 ሜትር ልዩነት የሕይወት ጉዳይ ይሆናል።

የሚጎዱትም እርስዎ ብቻ አይደሉም። በ2016 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ የፊት ፍሬን በሌለው ፊክስድ የሚጓዝ አንድ ወጣት መንገድ የምታቋርጥ እግረኛ ገጭቶ ሴትዮዋ ሕይወቷ አልፏል፤ ወጣቱም በሚቀጥለው ዓመት የ18 ወር እስራት ተፈርዶበታል። የዚያ አገር ደንብ ከ1983 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሳይክል ሁለት ራሳቸውን የቻሉ የማቆሚያ ዘዴዎችን ይጠይቃል፤ የፊክስዱን የኋላ ጎማ እንደ አንዱ ይቆጥረዋል፣ ሁለተኛው ግን የፊት ፍሬን መሆን አለበት ማለት ነው። እኔ ለጎንደር ከዚያም አልፌ እሄዳለሁ፤ በዚህ ቁልቁለት ላይ ፊክስድ የሚነዳ ሰው ቢኖር ሁለት የእጅ ፍሬን ሊኖረው ይገባል፤ ምክንያቱም ሰንሰለቱ ቢበጠስ ወይም ቢወልቅ በእግር የሚያቆምበት ዘዴ በዚያው ቅጽበት ይጠፋል።

ማንሸራተት ጎማንም ይበላል፤ እዚህ ላይ ብዙዎች የማያስተውሉት ነገር አለ። የፊትና የኋላ ጥርስ ብዛት እስከመጨረሻው ሲቃለል ከታች የሚቀረው ቁጥር፣ ሁልጊዜ በአንድ እግር አቀማመጥ ለሚያንሸራትት ሰው፣ ጎማው በስንት ቦታ ተከፋፍሎ እንደሚበላ ይነግረናል። 46 በ16 ሲቃለል 23 በ8 ነው፤ ስለዚህ ጎማው በ8 ቦታ ይበላል። 44 በ22 ግን ሲቃለል 2 በ1 ይሆናል፤ ይህ ማለት ጎማው ሁልጊዜ በአንዲት ቦታ ላይ ብቻ እየተፋቀ በአጭር ጊዜ ይቀደዳል። ለጎንደር ዳገት የሚስማማው ማርሽ ለፊክስድ ማንሸራተት ከሁሉም የከፋው ሆኖ መገኘቱ ሳይክሉና ከተማው አለመግባባታቸውን ዳግም ያሳያል።

ከዚህ ቀጥሎ የመንገዱን ገጽታ እንይ። ኮብልስቶን ሲነጠፍ አዲስ ሳለ ይመቻል፤ ሲቆይ ግን ድንጋዩ አንዱ ይሰምጣል፣ ሌላው ይነሣል። በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ ልምድ ያለው ሳይክለኛ የሚያደርገው ሁለቱን ፔዳሎች አግድም አስተካክሎ ከኮርቻው በጥቂቱ መነሣትና ጉልበቱን አጥፎ መንቀጥቀጡን በእግሩ መቀበል ነው። በየመንገዱ የተሠሩትን የፍጥነት መገደቢያ ጉብታዎችም በዚሁ መንገድ ያልፋቸዋል። ፊክስድ ላይ ይህ አይቻልም፤ እግር መዞሩን ስለማያቋርጥ ፔዳሉ ጉብታው ላይ ሲደርሱ የት እንደሚገኝ መምረጥ አይችሉም። ኩርባ ላይም እንዲሁ ነው፤ ሳይክሉ ሲያዘነብል ወደ ውስጥ ያለው ፔዳል ወደ ታች የወረደበት ቅጽበት ከሆነ መሬት ነክቶ የኋላውን ጎማ ሊያነሣው ይችላል። ለዚህ ሲባል እውነተኛ የትራክ ሳይክሎች ፔዳሉ ከመሬት ከፍ እንዲል ተደርገው፣ የፔዳሉ ክንድም አጠር ብሎ 165 ሚሊ ሜትር ገደማ ሆኖ ይሠራሉ። የቀረበልዎ ፊክስድ 23 ሚሊ ሜትር ጎማ መያዙም ለኮብልስቶን አይመችም። እንዲህ ያለ ቀጭን ጎማ ከመነዳሪው በድንጋዩ ጠርዝና በቸርኬው መካከል ተቆንጥጦ እንዳይቀደድ በብዙ ነፋስ መወጠር አለበት፤ በብዙ ነፋስ ሲወጠር ደግሞ መንቀጥቀጡ እጅንና ወገብን ያደክማል። ባለ32 ጎማው ነፋሱ መጠነኛ ቢሆንም ይሸከማል፣ ጎሚስታ ቤት የሚያመላልስዎም ያነሰ ይሆናል።

የአለባበስ ጉዳይ በጥያቄዎ ውስጥ አልተነሣም፤ ለእርስዎ ግን ዋና ጉዳይ ነው ብዬ አምናለሁ። የሕክምና ጋዋን፣ ነጠላ፣ ሰፊ ቀሚስ፣ የጫማ ክር፣ እነዚህ ሁሉ ሰንሰለትና ጥርስ መካከል ሊገቡ የሚችሉ ነገሮች ናቸው። በሲንግል ስፒድ ጨርቅ ሲያዝ መርገጥ ያቆማሉ፤ ሰንሰለቱም ወዲያው ይቆማል። በፊክስድ ግን ሳይክሉ እስኪቆም ድረስ ሰንሰለቱ መጎተቱን ይቀጥላል፤ ጨርቁን ብቻ ሳይሆን እግርንም፣ አንዳንዴም ለማላቀቅ የተዘረጋ ጣትን ይወስዳል። ፊክስድን ሲያጸዱ ጎማውን በእጅ እያዞሩ ሰንሰለቱን በጨርቅ መጥረግ ፈጽሞ የተከለከለ ነው፤ በዚህ ምክንያት ጣታቸውን ያጡ ሰዎች አሉ። የትኛውንም ሳይክል ቢገዙ የሰንሰለት መሸፈኛ ያስገጥሙ፤ ለክረምቱም ፓራፋንጎ ያስፈልግዎታል፤ አለዚያ ነጩ ጋዋን ግቢ ሲደርስ ጀርባው በጭቃ ይሞላል።

ወደ ጓደኞችዎ ሦስት ምክንያቶች ልመለስ፤ ከሦስቱም ውስጥ ጥቂት እውነት አለና። ይቀልላል ያሉት ትክክል ነው፤ ነገር ግን የፍሪዊሉ ተጨማሪ ክብደት ቦርሳዎ ውስጥ ከሚይዙት የግማሽ ሊትር ውሃ ያነሰ ነው። አይበላሽም ያሉት ደግሞ ፍሪዊል ስለሌለው የሚበላሽ አንድ ዕቃ ስለሚቀንስ ነው። ፍሪዊል በክረምት ጭቃና ውሃ ከገባበት፣ ቅባቱም ከደረቀ፣ መንጠቆዎቹ ተጣብቀው ሲረግጡት በባዶው ሊዞር ይችላል። ይህ እውነት ቢሆንም በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በተለይ ክረምቱ ሲወጣ፣ በመገጣጠሚያው በኩል ቀጭን ዘይት አስገብቶ በማዞር አብዛኛውን ጊዜ ይከላከሉታል፤ ቢበላሽም ከሳይክሉ ርካሽ ዕቃዎች አንዱ ነው። ፊክስድ በበኩሉ ሰንሰለቱ በትክክል ካልተወጠረ ሊወልቅ ይችላል። የሲንግል ስፒድ ሰንሰለት ሲወልቅ እጅ ይቆሽሻል፤ የፊክስድ ሰንሰለት ቁልቁለት ላይ ሲወልቅ ግን የኋላው ጎማ ሊቆለፍና ሰውን ሊጥል ይችላል።

እግር ያጠነክራል የሚለው ሦስተኛው ምክንያት ነው፤ እዚህ ላይ ፊክስድን ማመስገን ፍትሐዊ ነው። እግር ያለማቋረጥ ስለሚዞር አረጋገጥን ያስተካክላል፣ በየዙሩ መካከል ያለውን መቆራረጥ ያጠፋል፤ ከታችና ከላይ ያሉትን ኃይል የሌላቸውን ነጥቦችም የጎማው ዙረት ራሱ ያሻግራል። ጎማው ሊንሸራተት ሲል በእግር ይታወቃል። የመንገድ ተወዳዳሪዎች ከውድድር ወቅት ውጭ በፊክስድ የሚለማመዱበት ልማድ በብዙ አገሮች የቆየ ነው። ይሁን እንጂ ያ ልምምድ የሚደረገው ሜዳማ በሆነና መኪና በማይበዛበት መንገድ ነው፤ መነሻውም ከ250 ሜትር የውድድር ትራክ ላይ ሲሆን እዚያ ባጃጅ የለም፣ እግረኛ የለም፣ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ይዞራል፣ ድንገት ፍሬን የሚይዝ ሰው ስለሚያስጋ ፍሬን ራሱ የተከለከለ ነው። እግርን ለማጠንከር ከሆነ የጎንደር ዳገት ብቻውን ይበቃል።

ምናልባት ሻጩ ወይም አንድ ጋራዥ «ሲንግል ስፒዱን ውሰጂ፣ እኔ ወደ ፊክስድ እለውጥልሻለሁ» ቢልዎ የሚከተለውን በጥንቃቄ ያንብቡ። የፍሪዊልና የፊክስድ ጥርስ ጥርስማ፣ ማለትም ሞዞው ላይ የሚጠመዘዝበት ጥምዝ፣ መጠኑ አንድ ዓይነት ስለሆነ የፊክስዱ ጥርስ በተራ ሞዞ ላይ ሊጠመዘዝ ይችላል። ትክክለኛው የፊክስድ ሞዞ ግን ሁለተኛ፣ ጠበብ ያለና በተቃራኒ አቅጣጫ፣ ወደ ግራ የሚጠብቅ ጥርስማ አለው፤ በእርሱ ላይ የሚታሰረው ቀለበት ወደ ኋላ ሲገፉ ጥርሱ እንዳይፈታ ያግዳል። ያ ቀለበት የሌለበት ሞዞ ላይ የተጠመዘዘ ጥርስ ሊያቆሙበት በሚገፉበት ቅጽበት ይፈታል። በብየዳ ማጣበቅም መፍትሔ አይደለም፤ የሞዞው አካል ብዙ ጊዜ አሉሚኒየም፣ ጥርሱ ደግሞ ብረት ስለሆነ ሁለቱ በተራ ብየዳ አይያያዙም፣ ብረት ከብረት ቢሆንም ሙቀቱ ኩሽኔታው የሚቀመጥበትን ቦታ ያበላሸዋል።

ሁለቱንም ዓይነት በሥርዓት የሚያጣምር መንገድ አለ። በአንድ ጎኑ የፍሪዊል፣ በሌላው ጎኑ የፊክስድ ጥርስማ ያለው ባለሁለት ጎን ሞዞ ነው፤ ጎማውን አውልቆ ገልብጦ በመግጠም ብቻ ሳይክሉ ከአንዱ ወደ ሌላው ይለወጣል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። በቱር ደ ፍራንስ ማርሽ መቀየሪያ እስከ 1937 እ.ኤ.አ. ድረስ ስላልተፈቀደ የዘመኑ ተወዳዳሪዎች ከተራራው ግርጌ ወርደው ጎማቸውን እየገለበጡ ቀለል ወዳለው ጥርስ ይሸጋገሩ ነበር። እነዚያ ሰዎች በዓለም ላይ ካሉት የጠነከሩ እግሮች ባለቤት ሆነው ሳለ ዳገትና ቁልቁለትን በአንድ ጥርስ መወጣት ከብዷቸው ነበር። የቀረበልዎ ፊክስድ እንዲህ ያለ ሞዞ ካለው፣ በሌላው ጎኑ ፍሪዊል የሚገባ ከሆነ፣ የፊትና የኋላ ፍሬን የሚታሰርበት ቀዳዳም በአካሉ ላይ ካለ፣ ወደ ሲንግል ስፒድ ሊለወጥ ይችላል። ብዙ የትራክ ሳይክሎች ግን ያ ቀዳዳ የላቸውም፤ ፍሬን ሊታሰርበት የማይችልን ሳይክል ለመንገድ ማዋል አይገባም። ቀዳዳው ቢኖርም የፍሬኑ፣ የሽቦው፣ የመያዣው፣ የፍሪዊሉና የሰፋፊ ጎማዎቹ ዋጋ ሲደመር ሌላኛው ሳይክል እንደሚረክስ ይታየኛል።

እንግዲህ ሲንግል ስፒዱን ለመግዛት ሲሄዱ ጥቂት ነገሮችን በቦታው ይፈትሹ። የኋላውን ጎማ ከመሬት አንሥተው ያዙሩት፤ ቸርኬው የፍሬኑን ላስቲክ እየነካ የሚወዛወዝ ከሆነ የቸርኬው ሽቦዎች መወጠር ይፈልጋሉ፣ ይህ ቀላል ጥገና ነው። ቸርኬው ፍሬን የሚይዝበት ጎኑ በጣት ሲዳሰስ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ከሆነ ግን አልቋል፤ መቀየር አለበት። ሰንሰለቱን ያለ ልዩ መሣሪያ በማስመሪያ መለካት ይቻላል። ከአንዱ መገጣጠሚያ ጀምረው 24 ይቁጠሩ፤ አዲስ ሰንሰለት በዚህ ርዝመት 305 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፣ ከ307 ካለፈ ሰንሰለቱ ተለጥጧልና ይቀየር፣ የጥርሶቹ ጫፍም ሾሎ ወደ አንድ ወገን የተጣመመ ከሆነ አብረው ይቀየሩ። የፔዳሉን ክንድ በእጅዎ ይዘው ወደ ጎን ይነቅንቁት፤ ልል ከሆነ ኩሽኔታውን ያሳዩ። መሪው ስር ያለውንም መገጣጠሚያ የፊት ፍሬኑን ይዘው ሳይክሉን ወደፊትና ወደኋላ በመግፋት ይፈትሹ። የአካሉን ብየዳዎች በተለይ መሪው አጠገብ ያሉትን በጥሩ ብርሃን ይመልከቱ፤ በቀለሙ ላይ የፀጉር ያህል ስንጥቅ ካዩ ዋጋው ምንም ቢቀንስ አይግዙ።

ፍሪዊሉን ሲያስቀይሩ መካኒኩ ማወቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። የኋላው ጥርስ በአንድ ሲጨምር የኋላው ጎማ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ወደፊት መምጣት ይኖርበታል፤ ስለዚህ ከ18 ወደ 22 ሲሄዱ 12 ሚሊ ሜትር ያህል ቦታ ያስፈልጋል። የጎማው ዳዶ የሚታሰርበት ስንጥቅ ይህን ያህል ቦታ ካለው ሰንሰለቱን መንካት አያስፈልግም፤ ከሌለው ሰንሰለቱ ይረዝማል። ሲያልቅ ሰንሰለቱ መካከሉ ላይ በጣት ተጭኖ ወደላይና ወደታች አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ይንቀሳቀስ፤ ከዚህ ከጠበቀ ኩሽኔታውን ይጎዳል፣ ከላላ ይወልቃል። ባለ22 ጥርሱ ጎንደር ውስጥ ካልተገኘ በባለ20 ይጀምሩ፤ በአንድ ዙር 4.6 ሜትር ይሄዳል፣ ከ18ቱ በግልጽ ይሻላል።

የሚኖሩበት ቤት በጣም ቀጥ ያለ ዳገት ጫፍ ላይ ከሆነና ከባድ መጻሕፍት ዘወትር የሚሸከሙ ከሆነ፣ ያልጠየቁኝን ልጨምርና፣ ስድስት ወይም ሰባት ማርሽ ያለው ተራ ሳይክል ከሁለቱም ይበልጣል። ጥገናው ትንሽ ይበዛል እንጂ እግርን ያሳርፋል። ከሁለቱ ብቻ መምረጥ ካለብዎ ግን ውሳኔው ከላይ ያልኩት ነው።

ሳይክሉን ከገዙ በኋላ ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ፒያሳ አይውጡበት። ግቢ ውስጥ ሰው በማይበዛበት ሰዓት በዝግታ እየሄዱ የፊቱን ፍሬን በጥቂት በጥቂቱ ማጥበቅ ይልመዱ፤ ሰውነትዎን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው፣ ክንድዎን ወጠር አድርገው ነው የሚይዙት። በክረምት ዝናብ የራሰ ቸርኬ ፍሬኑን ወዲያው ስለማይቀበል ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ፍሬኑን ለስለስ አድርገው ይዘው ውሃውን ከቸርኬው ላይ ያስጠርጉት፤ የእርጥብ ኮብልስቶን ኩርባ ላይ ደግሞ ከመግባትዎ በፊት ፍጥነቱን ጨርሰው ይቀንሱና በኩርባው ውስጥ ፍሬን አይንኩ።